አልጋነሽ አልቀረችም

አላችሁ? «አለን» በሉ እንጂ። በእኛ ሰፈር ዝም ያለ ሰው ቀሪ ተብሎ ይጻፍበታል፤ ስለዚህ ዝምታ አልወድም። እንዲህ ነው። አሁን እናንተም አላችሁ፣ እኔም አለሁ፣ ወሬውም አለ።

ደሴ ከተማ፣ ዳገቱ ላይ፣ አልጋነሽ ተሰማ የምትባል ሴትዮ ነበረች። በዕድሜዋ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ ግን እሷ ራሷ «አንቱ ሲሉኝ ከወዲሁ የገነዙኝ ይመስለኛል» ስለምትል እዚህ ወሬ ውስጥ አንቺ እንላታለን። በወጣትነቷ ስልክ ቤት ነበር የምትሠራው። ገመድ ከዚህ እየነቀለች እዚያ እየሰካች፣ የደሴን ሰው ከአዲስ አበባ፣ የጎንደርን ከጅማ ስታገናኝ፣ የአገሩን ብስራትና መርዶ ሁሉ ቀድማ ስትሰማ ኖረች። ስታረጅ ጆሮዋ ደከመ። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲያናግራት ከንፈሩን አይታ ትረዳለች፤ ፊቱን ካዞረባት ግን አለቀ፣ ምንም አትሰማም።

በቅርቡ ሐኪም ቤት ሄዳ የመስሚያ መሣሪያ ተሰጣት። ከጆሮ ጀርባ የምትቀመጥ፣ ባቄላ የምታህል ነገር ናት። አልጋነሽ መሣሪያ አትላትም፤ «ጆሮዬ» ነው የምትላት።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ቅሬ የሚባል ማኅበር አለ፤ ሌላው አገር እድር ይለዋል። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል። የአልጋነሽ ቅሬ በየወሩ እሁድ ቀን ይሰበሰብና ጸሐፊው አቶ ሞገስ ስም ይጠራል። ያለ ሰው «አለሁ» ይላል። «አለሁ» ያላለ ቀሪ ነው። ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል። ሞገስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ዐይኑ ስለደከመ ወረቀቱን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ነው የሚያነበው፣ አፉም አይታይም። አልጋነሽ ጆሮዋን ከማግኘቷ በፊት በነበሩት ስብሰባዎች ፊተኛው ወንበር ላይ፣ እሱ ጉልበት ስር ተቀምጣ፣ ቀሪ ተባለች።

«ሞገስ፣ እዚህ አላየኸኝም?» ብትለው፣ «አይቼዎታለሁ፤ ግን ‹አለሁ› አላሉም። ሕጉ የሚለው ‹አለሁ ያላለ› ነው። ከእንግዲህ አንዴ ቢቀሩ መሰረዝዎ ነው» አላት።

አልጋነሽ ልጅ አልወለደችም። ያንን ሁሉ ዓመት የሰው ለቅሶ ስትደርስ የኖረችው፣ በተራዋ ድንኳን እንዲተከልላት ነው። እና ይህ የዛሬው ወሬ የአንዲት ትንሽ ፍላጎት ወሬ ነው። አልጋነሽ የፈለገችው ስሟ ሲጠራ ሰምታ «አለሁ» ማለት ብቻ ነበር።

ታዲያ ስብሰባው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጆሮዋን ጣለቻት።

የጣለቻት ለቅሶ ቤት ነው። ለቅሶ በዚያች መሣሪያ ሲሰማ ጭንቅላት ይበሳል። ጆሮዋን አውልቃ በመሀረብ ጠቀለለችና ድንኳኑ ሥር ካገኘችው እጥፋት ውስጥ ሸጎጥ አደረገቻት። የድንኳኑ ሸራ ይሁን፣ የተቀመጠችበት ምንጣፍ ይሁን፣ የተደገፈችው ብርድ ልብስ ይሁን፣ በሐዘኑ መሀል ልብ አላለችም። ከዚያ ዝናብ መጣ። ጎረምሶቹ ሁሉንም እንዳለ ጠቅልለው፣ በገመድ ጠፍረው፣ ተሸክመው ቅሬው ዕቃ ቤት ከተቱት።

ቅዳሜ ጠዋት አልጋነሽ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመች። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ድንበሩ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ነው።

«ድንበሩ፣ ጆሮዬ ጥቅሎችህ ውስጥ ናት። ፍታልኝ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ የለቅሶ ዕቃ ነው» አላት ድንበሩ፣ ከንፈሩን ታይ ዘንድ ጠጋ ብሎ። «የለቅሶ ጥቅል ሰው ሳይሞት አይፈታም። ያለ ሞት የፈታው ሰው ሞትን ይጠራል ሲሉ አልሰሙም?»

«አልሰማሁም። ጆሮ የለኝም አልኩህ እኮ።»

ድንበሩ ሳቁ መጣበት፤ ግን ግግም አለ። «ሁሉንም አልፈታም። የሰፈሩ ሰው ይጨርሰኛል። አንዱን ብቻ፣ እሱንም ይሄኛው ውስጥ ናት ብለው ካረጋገጡልኝ እፈታለሁ። በግምት አልፈታም። ማታ ደግሞ ቆልፌ እሄዳለሁ።»

አልጋነሽ ወገቧን ይዛ ዕቃ ቤቱን አየችው። ድንበሩ ጥቅል አይፈታም። ጥቅል ካልተፈታ ጆሮዬ አትወጣም። ጆሮዬ ካልወጣች ስሜን አልሰማም።

«እኔ ግን» አለች፣ «አልቀረሁም፣ አልቀርምም።»

እግሯን አንስታ ወደ እህቷ ልጅ ወደ ፋንታነሽ ሄደች። ፋንታነሽ ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች፤ ቤቷ በሽቦና በብሎን የተሞላ ነው። የአክስቷን ወሬ ሰማችና ከመሳቢያዋ ጣት የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ አወጣች።

«እትዬ፣ ይቺ ማይክሮኮንትሮለር ትባላለች። ጆሮዎ ባትሪዋ እስካላለቀ ድረስ ዝም አትልም። በብሉቱዝ፣ በትንሽ በትንሽ አቅም፣ በየመሀሉ ‹አለሁ፣ አለሁ› እያለች ትጣራለች። እኛ አንሰማትም። ይቺ ሰሌዳ ግን በዙሪያዋ ያለውን እንዲህ ያለ ጥሪ ሁሉ ትለቅማለች። ምን እንደሰማች፣ ከቅርብ ይሁን ከሩቅ፣ በዚህች በስልኬ መስታወት ላይ ትጽፍልናለች።»

አልጋነሽ ነገሩ ገረማት። «እኔ ስጠፋ ‹የለችም› ብሎ የሚጽፍ አለኝ። ጆሮዬ ስትጠፋ ‹አለሁ› ስትል የሚሰማት አላት ማለት ነው?»

«አላት፤ ባትሪዋ ካላለቀ።»

ሰሌዳዋን ከስልክ መሙያ ባትሪ ጋር አገናኝተው የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ በጨርቅ አሰሯት። ድንበሩ ወደ ውስጥ አላስገባም ብሏል፤ የዕቃ ቤቱ መስኮት ግን ፍርግርግ ነው፤ እጅ አያስገባም፣ እንጨት ያስገባል። ፋንታነሽ እንጨቱን በፍርግርጉ ከተተች። ድንበሩ በሩን ተደግፎ፣ ሴቶቹ ምን ነካቸው እያለ ያያል።

ሰሌዳዋ አደመጠች። ዕቃ አይናገርም የምትሉ ካላችሁ ዝም ብላችሁ ስሙ፤ የሰው ወሬ የቀረባት ሴት የዕቃ ወሬ ትሰማለች።

«ኧረ የሚጣራው ብዙ ነው» አለች ሰሌዳዋ። «አንዱ ‹አለሁ› ይላል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው። አንዱ ‹አለሁ› ይላል፣ ባጃጅ ላይ ያለ ስፒከር ነው። አንዱ የእጅ ሰዓት ነው፣ አንዱ የጎረምሳ ማዳመጫ ነው፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ደግሞ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም ‹አለሁ› ይላል፣ ማንም ‹የአልጋነሽ ነኝ› አይልም። ስሟን ንገሩኝ። ስሟን ካላወቅሁ አልጠቁምም።»

«ጠባይሽ ከሞገስ ይሻላል» አለቻት አልጋነሽ። «ቢያንስ አልሰማሁም አላልሽም።»

ፋንታነሽ መስታወቱን አሳየቻት። «እትዬ፣ እያንዳንዱ ዕቃ የሚጣራበት ስም አለው። የጆሮዎ ስም የመጣችበት ካርቶን ላይ ታትሟል። ካርቶኑ የት ነው?»

አልጋነሽ ካርቶኑን ለልብስ ሰፊው ለይማም ሰጥታዋለች። ውስጡ ክፍል ክፍል ስለነበረው «ለአዝራር ይሆንሃል» ብላ፣ በገዛ እጇ።

ስሟ ካልታወቀ ሰሌዳዋ አትጠቁምም። ሰሌዳዋ ካልጠቆመች ድንበሩ ጥቅል አይፈታም። ጥቅል ካልተፈታ ጆሮዬ አትወጣም። ጆሮዬ ካልወጣች ስሜን አልሰማም።

«እኔ ግን አልቀረሁም፣ አልቀርምም» አለች፣ ቁልቁል ወደ ይማም ሱቅ እየወረደች።

ይማም የሠርግ ኮት ላይ ጎንበስ ብሏል። ካርቶኑ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ አንዱ ክፍሉ ነጭ አዝራር፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ የነሐስ።

አልጋነሽ መጀመሪያ ካርቶኑን ነው ያናገረችው። «አንተ፣ የጆሮዬን ስም ንገረኝ።»

«መንገሩ ቀላል ነበር» አለ ካርቶኑ። «ግን ስሙ ያለው ከሥሬ ነው። ይሄ ሰውዬ መኪናው ሲርገፈገፍ እንዳልወድቅ ብሎ በማጣበቂያ ጠረጴዛው ላይ ለጥፎኛል። እስክላቀቅ አልናገርም።»

ይማም ቀና አለ። «ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ምነው ከካርቶን ጋር?»

«ነቅለህ ስጠኝ። ከሥሩ የተጻፈውን አንብቤ እመልስልሃለሁ።»

«እንዴት ብዬ? ብነቅለው ይቀደዳል፣ አዝራሩ ይደባለቃል። ሙሽራው ኮቱን ዛሬ ይወስዳል፤ እኔ ነጭና ጥቁር ስለይ ልዋል? አዝራሬን የማፈስበት ክዳን ያለው ጣሳ ያምጡልኝና በደስታ እነቅለዋለሁ። ያለዚያ አልነቅልም።»

አልጋነሽ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። ይማም ጣሳ ይፈልጋል። ጣሳ ካልመጣ አዝራር አይፈስም። አዝራር ካልፈሰሰ ካርቶኑ አይነቀልም። ካርቶኑ ካልተነቀለ ስሟ አይታወቅም። ስሟ ካልታወቀ ሰሌዳዋ አትጠቁምም። ሰሌዳዋ ካልጠቆመች ድንበሩ ጥቅል አይፈታም። ጥቅል ካልተፈታ ጆሮዬ አትወጣም። ጆሮዬ ካልወጣች ስሜን አልሰማም።

«እኔ ግን አልቀረሁም፣ አልቀርምም።»

«ማን ቀሩ አለዎት?» አለ ይማም፤ እሷ ግን ፊቷን አዙራ ስለነበር አልሰማችውም።

ጣሳ ያለው ሀዋ ሱቅ ነው። ሀዋ የወተት ዱቄት ጣሳ ስታራግፍ አትጥልም፤ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ እንደ ወታደር ትደረድራቸዋለች። ዛሬ ግን የሀዋ ፀጉር ተንጨባሯል፣ ዐይኗ ቀልቷል። እቅፏ ላይ ልጇ አለ። አፉ እስከ ጉሮሮው ተከፍቷል። አልጋነሽ ድምፁን ባትሰማም ቀይ ድዱን፣ ከድዱ ብቅ ያለችውን ነጭ ነገር፣ የሚንቀጠቀጠውን ምላሱን አየች። ሱቁ ውስጥ ማንም ደንበኛ የለም። ሁሉም ሸሽቷል።

«ሀዋዬ፣ ከእነዚያ ጣሳዎች አንዱን።»

ሀዋ አፏን ሰፋ አድርጋ ተናገረች። «እማማ፣ በየት በኩል? በርጩማ ላይ ወጥቼ ነው የማወርደው፤ እሱን ይዤ ብወጣ እንወድቃለን። ባስቀምጠው ትንፋሽ እስኪያጥረው ይጮኻል። ከንጋት ጀምሮ ነው። እናቴ ይዛው ነበር፣ ጆሮዬ ፈነዳ ብላ መለሰችልኝ። ጎረቤቴ ይዛው ነበር፣ እሷም አብራ አለቀሰች። እስኪተኛ ጣሳ አላወርድም። ደግሞ አይተኛም።»

አልጋነሽ ሕፃኑን ዐይን ዐይኑን አየችው። እሱም አያት፤ አፉን ግን አልዘጋም።

«አልተኛም» አለ ሕፃኑ። የሱን ቋንቋ ማን ያጣዋል? «ድዴን አመመኝ። የያዘኝ ሁሉ ሰውነቱን ያደድራል። ፊቱን ያኮማትራል። ቶሎ ቶሎ ይወዘውዘኛል። ‹ዝም በል፣ ዝም በል› ይለኛል። ዝም በል የሚሉኝ ሁሉ እንዲህ እያሉኝ አልተኛም።»

አሁን እንግዲህ ሁላችሁም አብራችሁኝ በሉ። ሕፃኑ አይተኛም። ሕፃኑ ካልተኛ ሀዋ ጣሳ አታወርድም። ጣሳ ካልወረደ ይማም አዝራር አያፈስም። አዝራር ካልፈሰሰ ካርቶኑ አይነቀልም። ካርቶኑ ካልተነቀለ ስሟ አይታወቅም። ስሟ ካልታወቀ ሰሌዳዋ አትጠቁምም። ሰሌዳዋ ካልጠቆመች ድንበሩ ጥቅል አይፈታም። ጥቅል ካልተፈታ ጆሮዋ አትወጣም። ጆሮዋ ካልወጣች ስሟን አትሰማም። ስሟን ካልሰማች ቀሪ ናት፣ ቀሪ ከሆነች ትሰረዛለች፣ ከተሰረዘች ስትሞት ድንኳን አይተከልላትም።

እንኳን አልጋነሽ፣ ማንም ቢሆን እዚህ ላይ ሲደርስ ወደ ቤቱ ሄዶ ይተኛ ነበር። ጎረቤቶቿ ደጋግመው ያሏትም ይህንኑ ነው። ጆሮዎ ደክሟል፣ ይረፉ፣ ቤትዎ ይቀመጡ። እሷ ግን ወደ ሀዋ ጠጋ አለች።

«ስጪኝ» አለች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ።

«እማማ፣ ይጮህብዎታል።»

«ይጩኸዋ። እኔ ምን ቸገረኝ፤ አልሰማውም።»

ሀዋ ልጁን ሰጠቻት። ሕፃኑም ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ጆሮውን ያዘ። የአልጋነሽ ፊት ግን አልተኮማተረም፣ ክንዷም አልደደረም። ለሷ ያ ሁሉ ጩኸት ደረቷ ላይ የምትሞቅ ትንሽ ንዝረት ነበረች። ጣቷን ታጥባ ድዱን አሸት አሸት አደረገችለት። ከዚያ በወጣትነቷ ቀኑን ሙሉ ስትለው የኖረችውን፣ አፏ የማይረሳውን ነገር በዝግታ ማንጎራጎር ጀመረች።

«ሃሎ፣ ደሴ ነው። ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ። ሃሎ፣ ጎንደር፣ ደሴ ይፈልግዎታል። ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ።»

ዝም በል ያላለችው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ሕፃኑ ጩኸቱን አሳጠረ። ጆሮውን ደረቷ ላይ አስጠጋ። ከውስጥ የሚመጣው ድምፅ ሳይጥመው አልቀረም፤ «ጅማ፣ መስመሩ ተይዟል» ስትል ዐይኑ ተከደነ። «ይጠብቁ» ስትል ተኛ።

ሀዋ ልጇን ስታይ ቆየችና ራሷ አለቀሰች። እንቅልፍ ያጣች እናት እንዲህ ናት።

በሉ እንግዲህ፣ ሰንሰለቱ ሊበጠስ ነው፤ ተከተሉኝ። ሕፃኑ ተኛ፤ ሀዋ በርጩማው ላይ ወጥታ ጣሳ አወረደች። ጣሳው መጣ፤ ይማም አዝራሩን አፈሰሰ። አዝራሩ ፈሰሰ፤ ይማም በምላጭ ከሥሩ ገብቶ ካርቶኑን ላጥ አደረገው። ካርቶኑ ተነቀለ፤ ከሥሩ ማጣበቂያ የተለጠፈበት፣ ግን የሚነበብ ስም ወጣ፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት። ፋንታነሽ ስሙን ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች፣ ሰሌዳዋን በገመድ አገናኘች፣ «ሌላውን ሁሉ ተዪ፣ ይቺን ብቻ ፈልጊ» ብላ አዘዘቻት። ሰሌዳዋም ስሙን ያዘች።

ፀሐይ እየዘቀዘቀች ነው። ድንበሩ ቁልፉን በር ላይ ሰክቷል። ፋንታነሽ እንጨቱን በፍርግርጉ ከተተች።

ሰሌዳዋ አደመጠች። መስታወቱ ላይ ምንም የለም።

ፋንታነሽ እንጨቱን ወደ ግራ ወሰደች፣ ወደ ቀኝ ወሰደች። ምንም። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ስፒከሩ የለም፣ የጎረምሳው ማዳመጫ የለም፤ እነሱን ተዪ ተብላለች። የምትፈልጋትም የለችም።

«ባትሪዋ አልቆ ይሆናል» አለች ፋንታነሽ፣ ለራሷ ያህል። አልጋነሽ ግን ከንፈሯን አየች፣ ተረዳች።

«እማማ፣ ልቆልፍ ነው» አለ ድንበሩ። «የለችም። ትታዎት ሄዳለች።»

አልጋነሽ እዚያው መስኮቱ ሥር፣ ድንጋይ ላይ፣ ተቀመጠች። «የለችም አትበል። አልሰማናትም በል። እኔን እዚያ ስብሰባ ላይ የለችም ያሉኝ አይተውኝ ነው። ቆልፍ ከፈለግህ። እኔ ፍንክች አልልም። ፋንታነሽ፣ ያንን እንጨት ወደ ታች ውሰጂው። ወደ ሥር፣ ከሁሉም በታች ወዳለው። የታፈነ ሰው ድምፁ ያንሳል።»

ፋንታነሽ እንጨቱን አዘቀዘቀችው። ከምንጣፎቹ ጀርባ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ግድግዳው ጥግ ድረስ ሰደደችው። ጠበቁ። ድንበሩም ቁልፉን ማሽከርከር ተወ።

መስታወቱ ላይ አንድ መስመር ወጣች። ጠፋች። ደግሞ ወጣች።

«አለሁ» አለች ጆሮዋ፣ ባለቀ ትንፋሽ። «አለሁ።»

«ቁጥሯን እዩ» አለች ፋንታነሽ። «ቁጥሯ ሲያንስ ቀርበናል ማለት ነው። እዚህ ምንጣፉ ጋ በዛ። ብርድ ልብሱ ጋ በዛ። የሸራው ጥቅል ጋ አነሰ። ደግሞ አነሰ። ድንበሩ፣ እዚህ ጋ ናት። ይቺ ከታች ያለችው።»

ድንበሩ ከፈተ። ከላይ ያለውን ሁሉ አነሳ። የሸራውን ጥቅል ወደ ብርሃን ጎተተው። ገመዱን ሲይዝ ግን እጁ ቆመ፤ ድንኳን ነውና።

«እማማ፣ ሞት ቢሰማንስ?»

አልጋነሽ ጎንበስ ብላ ገመዱን ራሷ ያዘች። «ሞት፣ ላንተ አልተፈታም» አለች፣ ጮክ ብላ። «ለኔ ነው የተፈታ። አንተ ስትመጣ እንደገና እንፈታዋለን፤ ያን ጊዜም ባለ ቅሬ ሆኜ ነው የምታገኘኝ።» እና ሳበችው።

መሀረቡ ከሸራው ግርጌ እጥፋት ውስጥ፣ ሸጎጥ እንዳደረገችው አለ። ጆሮዋን አወጣች፣ አዲስ ባትሪ አደረገችላት፣ ከጆሮዋ ጀርባ አስቀመጠቻት። መጀመሪያ የሰማችው ድንበሩን ነው፤ ፊቱን አዙሮ ገመዱን እያሰረ ያጉተመትማል።

«ምን ዓይነት ግትር ሴትዮ ናቸው።»

«ሰማሁህ» አለችው።

እሁድ ቅሬው ተሰበሰበ። አልጋነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጆሮዋ አትታይም። ከጎኗ ዘነቡ የምትባል የእሷ እኩያ ተቀምጣለች። ዘነቡም እንደ እሷ መስማት ካቃታት ቆይቷል፤ መሣሪያ ግን የላትም። ሞገስ ወረቀቱን አፍንጫው ላይ ለጠፈ። ስም ጠራ፣ «አለሁ» ተባለ። ስም ጠራ፣ «አለሁ» ተባለ። ከኋላ አንዱ በሹክሹክታ «ዛሬ እኮ እማማ አልጋነሽ ሊሰረዙ ነው፣ ያሳዝናሉ» ሲል ሰማችው። አንዷም «ምን ይደረግ፣ አይሰሙ» ስትል ሰማቻት። አልዞረችም።

«አልጋነሽ ተሰማ» አለ ሞገስ። አለና ብዕሩን ቀሪ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ከወዲሁ አሳረፈ።

«አለሁ።»

ድምፁ የስልክ ቤት ድምፅ ነበር፣ ጎንደርን የሚጠራ። ሞገስ ወረቀቱን ከአፉ ላይ አወረደ። ሀዋ ከኋላ፣ ልጇን አዝላ፣ አፏን በእጇ ያዘች። ቤቱ ጸጥ አለ፤ አልጋነሽም ጸጥታውን ሰማችው።

«ባለፈውም ነበርኩ» አለች። «ከዚያ በፊትም ነበርኩ። አየኸኝ፣ ‹ቀረች› ብለህ ጻፍክ። አልቀረሁም። አሁን ቀጥል፣ ሰው እየጠበቀህ ነው።»

ሞገስ ወረቀቱን መልሶ አነሳ።

«ዘነቡ አስፋው።»

ዘነቡ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ፊት ለፊቷን ታያለች። አልሰማችም። ሞገስ ጠበቀ። እንደገና ጠራ። ዘነቡ ዝም። ሞገስ ብዕሩን አወረደ፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ቦታ።

አልጋነሽ ተነሳች። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ዘረጋች፣ ብዕሩ የሚያርፍበት እስኪያጣ። ከዚያ ዞር ብላ ዘነቡ ፊት አፏን አሳየቻት፣ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ።

«ዘነቡ። እየጠሩሽ ነው።»

ዘነቡ ከንፈሯን አየች። ተረዳች። ቀና አለች።

«አለሁ» አለች።

አልጋነሽ መዳፏን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። «ጻፍ» አለችው።

ተረቴ እዚህ ላይ አረፈ። እናንተስ አላችሁ? ከጎናችሁ ያለው ዝም ካለ፣ ቀረ ከማለታችሁ በፊት ፊቱን ዞር ብላችሁ እዩልኝ።